የግራው ጠርዝ

ካሜራ ጠጋኙ በገዛ መሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ተደፍቶ የተገኘው ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ያገኘችው ልጁ ናት፤ ጮኻ ጎረቤት የሰበሰበችውም እሷው ናት። ለዚህ ውለታዋ አርብ ጠዋት እጇ ላይ ካቴና ገባ።

ሟቹን ሰው ሁሉ «ብሎን» ይለው ነበር። ሲሠራ የሌንስ ብሎኖችን በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል የወጣለት ስም ነው። ሐሜተኞች ግን ብሎኖቹን የሚይዘው ለሰላምታ መልስ ላለመስጠት ነው ይሉ ነበር። ይህም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም። በከተማው ውስጥ የተንጋደደ ሌንስ የሚያቀና ከሱ ሌላ ስላልነበረ፣ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ኩርፊያውን ችለው ደረጃውን ይወጡ ነበር።

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን የተረከበው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባልደረቦቹ ከጀርባው «እሬት» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፤ እንዲያውም ስሙን ይወደዋል።

«ይህ ጉዳይ ያለቀለት ነው» አለው አዛዡ፣ መዝገቡን በጠረጴዛው ላይ ወደሱ እየገፋ። «ልጅቷ ረቡዕ ማታ ከአባቷ ጋር ስትጣላ ሰፈሩ ሰምቷል። 'ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም' ብላለች። የሱቁ ቁልፍ አላት። ልብሷ ደም ነክቷል። ሰውዬው በተገደለበት ትሪፖድ፣ በባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ ላይ፣ አሻራዋ አለ።»

«አባቷን አቅፋ ስታነሳው ደም አይነካትም? ሱቁ ውስጥ ላደገች ልጅ አሻራ ምን ይገርማል?»

«አየህ፣ ጀመርክ። አንተ ባለህበት ቤት ፀሐይ በምሥራቅ መውጣቷም ያጠራጥራል። ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ዓቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል። እስከዚያ አሳምረህ ጻፈው።»

«ካላማረልኝስ?»

«እንግዲያስ እንደተንሻፈፈ ይሄዳል። ልጅቷም አብራው ትሄዳለች።»

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወጣ። አዛዡን የጠላው በዚያች ጠዋት አልነበረም፤ በዚያች ጠዋት ግን ጥላቻው ታደሰ።

ሱቁ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በጠረጴዛው ላይ ከክብሪት እንጨት የማይበልጡ መፍቻዎች በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ አቧራ የሚነፋበት ጎማ፣ አጉሊ መነጽር፣ የሌንስ ክዳን የሞላበት ሳጥን አለ። ከጠረጴዛው ትይዩ ግድግዳው ላይ አንድ ሙሉ የጋዜጣ ገጽ ተለጥፏል። ከፊት ለፊቱ፣ ወለሉ ላይ በተቸነከረ መቆሚያ ላይ፣ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ካሜራ ተቀምጧል። ዘረፋ አልነበረም፤ ውድ ውድ ሌንሶች እንዳሉ አሉ። ከደረሰኝ ጥራዙ ላይ ግን አንድ ገጽ ተቀዷል።

ጫማ ሻጯን ሊያነጋግር ወረደ። ሴትዮዋ ክንዷን አጣምራ በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«ሰው ከሞተ ወዲህ ጫማ የሚለካ አልመጣም» አለችው። «ይህን ለማን ልክሰስ?»

«ሐሙስ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ?»

«ደረጃው ላይ ዘበኛ ነኝ እንዴ? አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰምቻለሁ። ዕቃ መጣል ልማዱ ስለሆነ ዝም አልኩ።»

«የሴት ድምፅ ሰምቻለሁ ብለው ፈርመዋል።»

«ሰምቻለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ ስትጮህ።»

«አባቷን ካገኘችው በኋላ ማለት ነው። ይህን ለምን ለባልደረቦቼ አልተናገሩም?»

«ሰዓቱን ማን ጠየቀኝ? ድምፅ ሰማሽ አሉኝ፣ ሰማሁ አልኩ፣ ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ።»

ሐኪሙ ሞቱን ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት አድርጎታል። የአዛዡ ዋነኛ ምስክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናደች ማለት ነው። ልጅቷ ግን በዚያ ሰዓት ቤቷ ብቻዋን ተኝታ እንደነበር ከመናገር ሌላ ምስክር አልነበራትም።

የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል፤ እንባ ግን የለበትም።

«ለሦስት ሰው ተናግሬያለሁ» አለችው። «ሦስቱም ጻፉ፤ አንዱም አላመነኝም። አንተ አራተኛው ነህ።»

አንቱታውን መዝለሏን ልብ አለ፤ አልከፋውም። የተጨነቀ ሰው ሲያሽቋልጥለት ከሚያይ ሲሰድበው ቢሰማ ይመርጣል።

«ከአባትሽ ጋር ምን አጣላሽ?»

«አንድ ፎቶ አንሺ፣ ባለ ስቱዲዮ። ሁለት ዓመት ረዳቱ ነበርኩ። ሌንሱን ተሸከምኩ፣ መብራቱን ተሸከምኩ፣ ስድቡን ተሸከምኩ። ፋብሪካው የተቃጠለ ቀን እሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንድ ሠራተኛ ጓደኛውን አዝሎ ከጭሱ ሲወጣ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በራሴ ካሜራ። ፋይሉን ወሰደ፣ በስሙ አወጣው፣ ተሸለመበት።»

«ይህን በምን ታሳያለሽ?»

«በቦዲው፣ በካሜራው አካል። ሌንስ ይቀያየራል፤ ፎቶው የሚቀረጸው ግን ቦዲው ውስጥ ባለው ሴንሰር ላይ ነው። የኔ ሴንሰር አንድ የተበላሸ ነጥብ አለው። በጨለማ ፎቶ ላይ ሁሉ፣ ከላይ በቀኝ በኩል፣ ቀይ ሆኖ ይታያል። የፈለግከውን ሌንስ ግጠምበት፣ ከቦታው አይነቃነቅም። በተሸለመው ፎቶ ላይ አለ። ረቡዕ ማታ ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ይዤ አባቴ ጋ ሄድኩ። 'አጉሊ መነጽርህን አንሳና እይልኝ' አልኩት።»

«አየው?»

«ጀርባውን ሰጠኝ። 'ሰው በሠራበት አትቅኚ' አለኝ። ለገዛ ልጁ። እኔም አዛዥህ የነገረህን ተናገርኩና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ሐሙስ የተመለስኩት ልጣላው ነው፤ አልዋሽህም።»

«ጠረጴዛው ላይ ፎቶ የለም።»

«እንግዲያስ የገደለው ሰው ወስዶታል።»

«ወይም ከመጀመሪያውም አልነበረም።»

«ውጣልኝ» አለች። ወጣላት።

ስቱዲዮው ሁሉ ነገሩ ነጭና መስታወት ነው። ባለ ስቱዲዮው ሽቶው ቀድሞት መጣ፤ የኢንስፔክተሩን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«የብሎን ነገር አንጀቴን በልቶታል» አለ። «ልጅቷም ታሳዝናለች። በስንፍናዋ ካሰናበትኳት ወዲህ አእምሮዋ ልክ አይደለም መሰለኝ።»

ግድግዳው ላይ በተሸላሚ ፎቶዎች መሐል አንድ ባዶ ሚስማር አለ። ዙሪያው ከቀረው ግድግዳ ነጣ ብሎ የትልቅ ፎቶ ልክ ያሳያል።

«እዚህ የነበረው የት ሄደ?»

«የፋብሪካው እሳት ነበር። ፍሬሙ ስለተበላሸ አርብ ዕለት አወረድኩት።»

«ሐሙስ ረፋድ ላይ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ለባልደረቦችዎ ፎቶዎቹ ያሉበትን ፍላሽ ዲስክ ሰጥቻቸዋለሁ። ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል ከተማ ዳር ያለውን አዲሱን ሕንጻ ለባለቤቶቹ ሳነሳ ነበር። አርባ ሁለት ፎቶ አለ፤ እያንዳንዱ ቀንና ሰዓቱ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። ጥራቱንም ይመልከቱት፤ ረቡዕ በገዛሁት አዲስ ካሜራ ነው።»

«ከብሎን ሱቅስ መቼ ነው የሄዱት?»

«ሦስት ወር አልፎኛል። ዕቃዬ ሁሉ ደህና ነው፤ ጥገና አያሻውም።» ፈገግ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የናንተ ሥራ የታሰረችውን መጠየቅ አይመስልዎትም?»

ኢንስፔክተሩ ሰውዬውን አልወደደውም፤ ግን አለመውደድ ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ከተማው ይታሰር ነበር።

እሑድ ረፋድ ላይ ፎቶዎቹን ይዞ ሕንጻው ድረስ ሄደ። ጥበቃው ወንበሩን ሳይለቅ አነጋገረው።

«ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው መጥቷል፤ አዎ።»

«ሐሙስ ነው አርብ?»

«ለኔ ቀኑ ሁሉ ፈረቃ ነው። ባለ ካሜራ ሲመጣ መዝግብ ያለኝ የለም።»

ልክ አምስት ከሃያ ሲሆን ኢንስፔክተሩ ፎቶው የተነሳበት ቦታ ቆመ። የምሰሶው ጥላ ከደረጃው አምስተኛ እርከን ላይ ደርሷል፤ ፎቶው ላይም አምስተኛው እርከን ላይ ነው። ፎቶው ላይ የተጻፈው ሰዓት አልዋሸም። ነገር ግን ጥላ ሰዓት እንጂ ቀን አይናገርም፤ አርብ በዚያው ሰዓት የቆመ ሰውም ያንኑ ጥላ ያገኛል። የካሜራን ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆኑን ያውቅ ነበር። ይህን ማሰብ ቀላል ነው፤ ማሳየቱ ግን ሌላ ነገር ሆነበት።

ስልኩ ጮኸ። «አሳመርከው?» አለ አዛዡ።

«ገና ነው።»

«ነገ ጠዋት» አለና ዘጋው።

ሌላ የሚሄድበት ቢያጣ ወደ ልጅቷ ተመለሰ። ላፕቶፑን ከፍቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?» አለች።

«ከነዚህ ፎቶዎች ምን እንደምትረጂ እንድትነግሪኝ ነው።»

የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈተች። ሕንጻውን አላየችም፤ ቀጥታ የግራውን ጠርዝ አጎላች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ።

«ይህን መቼ አነሳሁት ነው የሚለው?»

«ሐሙስ፣ አምስት ከሃያ።»

«ይዋሻል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ስለጠራ ነዋ።» ስክሪኑን ወደሱ አዞረች። «የሌንሱ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ አለ፤ እየው። ይህን ሌንስ ሁለት ዓመት በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ፤ ቁጥሩን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ባለፈው ወር ከደረጃ ላይ ጣለውና ውስጡ ካሉት መስታወቶች አንዱ ተንጋደደ። እኔ ነኝ የጣልኩት ብሎ ነው ያባረረኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሌንስ የተነሳ ፎቶ ሁሉ ግራ ጎኑ ደብዛዛ ነው። ባለፈው እሑድ ያነሳውን ሠርግ የኢንተርኔት ገጹ ላይ ለጥፎታል፤ በግራ የቆሙትን እንግዶች እያቸው። ፊታቸው ላይ ውሃ የፈሰሰ ነው የሚመስለው።»

ኢንስፔክተሩ በስልኩ ከፍቶ አየ። እንዳለችው ነበር። «አዲስ ካሜራ ገዝቻለሁ ብሎኛል። ጥራቱ ከዚያ ቢመጣስ?»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም። «ቦዲማ ጥሩ ሲሆን ጨለማ ውስጥ ያግዝሃል፣ ቀለሙን ያሳምርልሃል፣ ዝርዝሩን ይጨምርልሃል። ሌንሱ ያላስገባለትን ግን ከየት ያመጣዋል? እንዲያውም ጥሩ ቦዲ የመጥፎ ሌንስን ገመና አደባባይ ያወጣል። በአዲሱ ካሜራ ግራው ብሶበት ነበር መታየት ያለበት። ሌንሱ ተጠግኗል። ይህን የሚጠግን ደግሞ አባቴ ብቻ ነበር።»

«ረቡዕ ጠግኖ ሰጥቶት ቢሆንስ?»

«ጋዜጣውን አላያችሁትም?»

«የቱን ጋዜጣ?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን። ሌንስ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ተጠግኖ ሲያልቅ አንድ ጊዜ፣ በዚያ በአሮጌው ካሜራ ጋዜጣውን ያነሳል። አራቱም ጥግ ካልተነበበለት ሌንሱን አይሰጥም። ከጋዜጣው ሥር የሌንሱን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይለጥፋል፣ ፎቶው እንዳይምታታበት።» ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች። «ስለዚያ ካሜራ የጠየቀኝ የለም። አሮጌ ስለሆነ ነዋ።»

ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣ። ከጋዜጣው ሥር የቁጥር ወረቀት የለም፤ የፕላስተር ምልክት ብቻ ቀርቷል። የደረሰኙን ገጽ የቀደደው ሰው ወረቀቱንም ነቅሎታል። ካሜራውን ግን፣ እንደ ፖሊሶቹ ሁሉ፣ ንቆት አልፏል።

ፎቶዎቹ የሚቀመጡበት ካርድ በቦታው ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፦ ከሥሩ የባለ ስቱዲዮው ሌንስ ቁጥር ተጽፏል፤ የጋዜጣው የግራ ዓምድ አይነበብም። ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ከሩብ፦ ያው ቁጥር፤ ግራ ጥግ ያለው የጨረታ ማስታወቂያ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይነበባል። የካሜራውን ሰዓት ከእጁ ሰዓት ጋር አስተያየ። የአንድ ደቂቃ ልዩነት ብቻ ነበረው። ካርዱን ባየው ቁጥር ንዴቱ ጨመረ፤ አርብ ጠዋት አንድ ፖሊስ የካሜራውን አንድ ቁልፍ ቢጫን ኖሮ ልጅቷ ሦስት ቀን ባልታሰረች ነበር።

ባለ ስቱዲዮውን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው አስጠራው። ሰውዬው ሰዓቱን እያየ ገባ።

«እሑድ ቀን እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«አላስቆይዎትም። ይህ ሌንስ ሳምንቱን ሙሉ ከርስዎ ጋር ነበር?»

«ከኔ ጋር ነበር።»

«ባለፈው እሑድ ግራው ደብዛዛ ነው፤ ሐሙስ ጥርት ብሏል። እንዴት ሆነ?»

«ነገርኩዎት፤ ቦዲ ቀይሬያለሁ። ሙያው ስለሌለዎት አይፈረድብዎትም።»

«የለኝም። ስለዚህ ሙያ ያላትን ጠየቅኩ። አዲስ ቦዲ የተንጋደደ ሌንስ ያጋልጣል እንጂ አያቀናም አለችኝ።»

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩን ላሰ። «እሺ፤ ብሎን ጠግኖልኛል። ረቡዕ ማታ ወስጃለሁ። በዚህ መዝገብ ውስጥ ስሜ እንዳይገባ ብዬ ነው የደበቅኩት። ሰው ይፈራል።»

ኢንስፔክተሩ ሁለቱን የጋዜጣ ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀመጠ። የሚናገረው ነገር ስለነበረው አልቸኮለም።

«ሐሙስ አምስት ከሩብ ሌንሱ ብሎን ግድግዳ ፊት ነበር። አምስት ከሃያ ደግሞ ከተማ ዳር ሕንጻ ያነሳል። በአምስት ደቂቃ። እኔ እሑድ ቀን፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ፣ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ሕንጻውን ያነሳኸው አርብ ነው፤ የካሜራህን ቀን ወደ ኋላ መልሰህ። ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነበርክ።»

አንቱታው መቅረቱን ሰውዬው ሰምቷል። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ቤትህ አምስት ስድስት ሌንስ አለ። አርብ ሌላውን ብትገጥም ይህን ሁሉ ማን ያውቅ ነበር?»

«ሌላው ሕንጻ ያጣምማል» አለ ባለ ስቱዲዮው። ድምፁ ደክሟል፤ ግን ኩራቱ አልለቀቀውም። «በስሜ የሚወጣ ሥራ ነው። የተጣመመ ፎቶ ለደንበኛ አልሰጥም።»

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለ ኢንስፔክተሩ። «ብሎን ምን ብሎህ ነው የገደልከው?»

ሰውዬው ተናገረ። ሐሙስ ረፋድ ሌንሱን ሊወስድ ሱቁ ገባ። ብሎን ሌንሱን ሰጠው፤ ቀጥሎም ትልቁን ፎቶና አጉሊ መነጽሩን አቀረበለት። ቀዩን ነጥብ በእርሳስ ከቦት ነበር።

«'ይህን ቦዲ ገዝቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ' አለኝ። 'ያየችው የልጄ ዓይን ናት፤ ያንተ አይደለችም። ሸላሚዎችህ ፊት ቆመህ ስሟን ትጠራለህ፤ አለዚያ እኔ እጠራዋለሁ' አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ፤ ያ ሰው ለሁሉም ጀርባውን ነው የሚሰጠው። ትሪፖዱ አጠገቤ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት አዛዡ መዝገቡን አንብቦ «እንደዚያ ነው እንዴ» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ ኢንስፔክተሩም ከዚያ ቤት ይቅርታ አልጠበቀም። የልጅቷን መፈቻ ወረቀት ራሱ ይዞ ወረደ።

ልጅቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትሰካ ነበር። ቀና ብላ አላየችውም።

«ማን እንደሆነ ነግረውኛል» አለች። «ከመጀመሪያው ነግሬያችሁ ነበር።»

«ነግረሽናል።» ወረቀቱን ሰጣት፤ ግን አልሄደም። «አባትሽ ፎቶውን አይቶታል።»

«አላየውም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የወጣሁት።»

«አንቺ ከወጣሽ በኋላ አይቶታል። ነጥቡን በእርሳስ ከብቦ፣ በማግስቱ ለሰውዬው አሳየው። የሞተውም በዚህ ነው።»

እጇ ማሰሪያው ላይ ቆመ። «ምን ብሎ?»

«'ያየችው የልጄ ዓይን ናት፤ ያንተ አይደለችም። ስሟን ትጠራለህ፤ አለዚያ እኔ እጠራዋለሁ' ብሎ።»

ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቁጣ ነበር። «ታዲያ ለኔ ለምን አልደወለልኝም? ስልክ ነበረው። ሌሊቱን ሙሉ፣ ጠዋቱን ሙሉ ነበረው። ለዚያ ሌባ ከሚነግር ለኔ አይነግረኝም?»

«አላውቅም።»

«ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን ስጠላው ከርሜ ነበር፤ በሱ ነበር የቆምኩት።»

ኢንስፔክተሩ ማጽናናት አይችልበትም፤ አልሞከረውም። ወደ በሩ ዞሮ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ጠራችው።

«ቆይ» አለች። «ምን ነበር ያለው? እንደገና ንገረኝ።»

ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠና እንደገና ነገራት።